የትምህርት ክፍሎችን የምርምር አፈጻጸም በምን እንመዝን? (የጤና ሳይንስ መምህራን ውይይት)

ጣርማበር

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተቋም የፊዚዮሎጂ መምህር ነኝ። የትምህርት ክፍሎቻችንን የአምስት ዓመት የምርምር አፈጻጸም የሚገመግም ኮሚቴ ውስጥ ተመድቤ እየሠራሁ ሲሆን፣ ውጤቱ ለመጪው በጀት ዓመት የምርምር ገንዘብ ሲደለደል እንደ አንድ መነሻ እንደሚያገለግል ተነግሮናል። ስለዚህ የምናወጣው ደረጃ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

በእጃችን ያለው ረቂቅ ሦስት ነገሮችን ይቆጥራል። ስኮፐስ በተባለው የሳይንስ ጽሑፎች መረጃ ቋት የተመዘገቡ ጽሑፎች ብዛት፣ ጽሑፎቹ ያገኙት ሳይቴሽን (በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበት ብዛት) ድምር እና የትምህርት ክፍሉ ኤች ኢንዴክስ ተሰልተው ክፍሎቹ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይሰለፋሉ። በዚህ አካሄድ የሕብረተሰብ ጤና ክፍል ያለ ተፎካካሪ አንደኛ ይወጣል፤ ነርሲንግና ሚድዋይፈሪ ይከተላሉ፤ አናቶሚ፣ አንስቴዥያና ቀዶ ሕክምና ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። እኔን ያሳሰበኝ ሰልፉ ገና ሳንመዝን አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። መለኪያው የሥራውን ጥራት ሳይሆን የሙያውን ጠባይ እየለካ ይመስለኛል።

ኤች ኢንዴክስን ሆርሄ ሂርሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያቀርበው ያሰበው ለግለሰብ ተመራማሪ ነበር። እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ያሉት ሰው ኤች ኢንዴክሱ አሥር ይሆናል ማለት ነው። በሕይወት ሳይንስ ያሉ ተመራማሪዎች ቁጥር ከፊዚክስ ባለሙያዎች ከፍ እንደሚል ራሱ ሂርሽ በዚያው ጽሑፉ አመልክቷል። እኛ ግን ይህንኑ ቁጥር ሠላሳ መምህራን ላሉት ክፍልም አምስት መምህራን ላሉት ክፍልም እኩል ልንጠቀምበት ነው። ከዚህም በላይ ቁጥሩ አንዴ ከወጣ አይወርድም፤ ከዓመታት በፊት ጥሩ ሠርቶ ዛሬ የተኛ ክፍል ዛሬም እንደ ብርቱ ይታያል።

በሌሎች ተቋማት በእንዲህ ያለ ሥራ ያለፋችሁ፣ ምን ብናደርግ ይሻላል ትላላችሁ?

አንጎለላ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጥርን ለመጣል አይቸኩሉ። እኔ ቁጥር በማይታይበት ዘመን የማዕረግ እድገት ጥያቄዎችን ያየሁ ሰው ነኝ። በዚያን ጊዜ ሚዛኑን ይዞ የነበረው ዕድሜ፣ ትውውቅና በስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር ነበር። ዝምተኛውና ታታሪው መምህር በላቦራቶሪው ውስጥ ሆኖ የሠራው ሥራ የሚታይለት አልነበረም። ሳይቴሽን ቢያንስ ከግቢው ውጭ ያለ፣ እኛን የማያውቅ ሰው ሥራችንን እንደተጠቀመበት የሚያመለክት ምስክር ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከመተው ይልቅ ማረም ይቀድማል። አንድ ጽሑፍ ያገኘውን ሳይቴሽን በዚያው ሙያ፣ በዚያው ዓመትና በዚያው ዓይነት የጽሑፍ ምድብ ለወጡ የዓለም ጽሑፎች አማካይ ማካፈል የታወቀ ስልት ነው። ውጤቱ አንድ ከሆነ ጽሑፉ ከዓለም አማካይ ጋር ተስተካከለ ማለት ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆነ በልጧል። እንዲህ ሲደረግ የአናቶሚ ጽሑፍ የሚመዘነው ከአናቶሚ ጽሑፎች ጋር እንጂ ከወረርሽኝ ጥናት ጋር አይደለም። የክፍሉንም ድምር በሙሉ ጊዜ መምህራን ቁጥር ያካፍሉት፤ ለትምህርት ውጭ አገር የሄደውንና አዲስ የተቀጠረውንም በቆየበት ጊዜ ልክ ይቁጠሩት።

ግሼ

እኔ የማስተምረው በሕብረተሰብ ጤና ክፍል ነው፤ በረቂቁ አሠራር ከሚጠቀሙት ወገን ነኝ ማለት ነው። ሆኖም አንደኛ የሚያሰኘን ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ መነገር አለበት።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። የ2016ቱ ብቻ 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል። መረጃው ተመዝግቦ ለጠየቀ ተመራማሪ ያለ ክፍያ ሲሰጥ ቆይቷል። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ መምህር ቢሮው ተቀምጦ ከዚህ መረጃ ላይ ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ማነስ እያለ በአንድ ዓመት ውስጥ በርከት ያሉ ጽሑፎችን ማውጣት ይችላል። ሥራው ዋጋ ቢስ ነው አላልኩም፤ ከነዚህ ጽሑፎች መካከል ለፖሊሲ የጠቀሙ አሉ። ነገር ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ሲዞር ከርሞ አንድ ጽሑፍ ካወጣ ሰው ጋር በብዛት ሲወዳደር ፍርዱ የተዛባ ይሆናል። የሜታ አናሊሲስ ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሌሎች ደክመው የሰበሰቡትን ደምረው የሚያቀርቡ ስለሆኑ ከዋናዎቹ ጥናቶች ይልቅ እነሱ ይጠቀሳሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። መቀመጫው ሲያትል የሆነው ተቋም የሚመራው የዓለም የበሽታዎች ጫና ጥናት ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ሲያወጣ የጸሐፊዎቹ ዝርዝር በመቶዎች ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ከሺህ ያልፋል። ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ መምህራን በተባባሪነት ስማቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 የወጣው ዙር በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቀሱት የሕክምና ጽሑፎች አንዱ ሆኗል። እንበልና አንድ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ መምህር ስሙ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢኖር፣ የዚያ ክፍል የሳይቴሽን ድምር በአንድ ቀን ሌሎቹ ክፍሎች በሙሉ ተደምረው የማይደርሱበት ይሆናል። ጋሽ አንጎለላ ያነሡት አማካይ እንኳ ይህን አያድንም፤ አንድ ግዙፍ ቁጥር አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋልና። መፍትሔው ሁለት ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ጽሑፍ ዋጋ ለጸሐፊዎቹ ቁጥር ይከፈል፤ ሺህ ጸሐፊ ካለው የሚደርሰን አንድ ሺህኛው ይሁን። ሁለተኛ፣ በአማካይ ፈንታ ከክፍሉ ጽሑፎች ውስጥ ስንቶቹ በሙያቸው ከላይኛው አሥር በመቶ ውስጥ ገቡ ብለን እንጠይቅ። አንድ ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢገዝፍ በዚህ አቆጣጠር አንድ ብቻ ሆኖ ይቆጠራል።

ቀወት

የሜዲካል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው በቆላው ክፍል በሸዋሮቢት ዙሪያ በወባ ላይ ነው። ግሼ የጻፉትን ሳነብ እውነት ተነገረ ብዬ ደስ አለኝ።

የእኛ ሥራ ምን እንደሚመስል ቀርቦ ላላየው ልግለጽ። ከእያንዳንዱ ታካሚ ጣት ደም ተወስዶ ወፍራምና ቀጭን ሆኖ በስላይድ ላይ ይቀባል፤ ቀጭኑ በሜታኖል በስላይዱ ላይ እንዲጸና ይደረጋል፤ ከዚያም በጊምሳ ይቀለማል። የቀለሙ ውኃ ፒ ኤች 7.2 አካባቢ ካልሆነ የወባው ጥገኛ ተሕዋሲ ጥርት ብሎ አይታይም። አንድ ስላይድ ኔጋቲቭ ከመባሉ በፊት ቢያንስ መቶ መስክ በዘይት ሌንስ መታየት አለበት፤ ከዚያም ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ደግሞ ያነበዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ሲያልቅ በውጭ ምንዛሪ ምክንያት ወራት እንጠብቃለን። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ሁኔታ ወደ አንዳንድ ቀበሌዎች መውጣት ጭራሽ አልተቻለም። የወባ ወቅት አንዴ ካመለጠ እስከሚቀጥለው ዝናብ ማግሥት መጠበቅ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ተጠቃሎ አንድ ጽሑፍ ይሆናል። በብዛት የሚቆጥር ሚዛን እኔን የሚመክረኝ ማይክሮስኮፑን ትቼ ኮምፒዩተር ፊት እንድቀመጥ ነው። ወጣቶቹ ባልደረቦቼም ይህን ምክር ሰምተውታል፤ ወደ መስክ መውጣት የሚፈልግ እየጠፋ ነው። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው የሚያሠቃየው፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በሽታ በደጋው ሕዝብ ዘንድ ዝሆኔ ይባላል። እግርን በአግባቡ ማጠብና መንከባከብ የሚመላለሰውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ በቅጡ የተረጋገጠው በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በተካሄደና ሕሙማኑን ለአንድ ዓመት በተከታተለ ሙከራ ነው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። በእኛ ረቂቅ ሚዛን ይህ ሥራ ከዳሰሳ መረጃ ከተወሰደ አንድ ጽሑፍ እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠር ነበር።

መጻሕፍት ቤት

በመጻሕፍትና መረጃ ክፍል ስለምሠራ አንድ ከሁሉም የሚቀድም ችግር ላንሣ። ስለ ቀመሩ ከመከራከራችን በፊት የምንደምረው መረጃ ራሱ የተሟላ ነው ወይ?

የደብረ ብርሃንን ስም ብቻ እንመልከት። በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ ሁለቱን ቃላት ነጣጥሎ፣ ሌላው አጋጥሞ ይጽፈዋል፤ ከ«ብ» ቀጥሎ አንዱ «ኢ»ን፣ ሌላው «አይ»ን የሚወክለውን ፊደል ያስገባል። ኮሌጁን ትቶ ሆስፒታሉን ብቻ የሚጽፍም፣ የካምፓሱን ስም ብቻ የሚጽፍም አለ። ቋቱ እነዚህን ሁልጊዜ አንድ ላይ አያሰባስብም። በሰዎቹ ስም ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱና የአባቱ ስም ነው ያለው። ቋቱ ግን የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ የራሱን በመጀመሪያው ፊደል ስለሚያሳጥረው፣ የአባታቸው ስም ተስፋዬ የሆነና የራሳቸው ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር ሁለት መምህራን እንደ አንድ ሰው ይታያሉ። በሌላ በኩል አንድ ሰው ስሙን በሁለት መንገድ ከጻፈ ሁለት ሰው ይሆናል።

ከዚህም ሌላ አብዛኛው መምህር በጽሑፉ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም እንጂ የትምህርት ክፍሉን በትክክል አይጽፍም። ስለዚህ «የነርሲንግ ክፍል ጽሑፎች» ብሎ ከቋቱ በቀጥታ ያወጣ ሰው ያወጣው ነገር እውነተኛው ዝርዝር አይደለም። መደረግ ያለበት እያንዳንዱ መምህር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን አሥራ ስድስት አኃዝ ያለውን የኦርኪድ መለያ አውጥቶ ጽሑፎቹን እንዲያያይዝ ማድረግ፣ ከዚያም ዝርዝሩን ለየክፍሉ ልኮ ማስመርመር ነው።

አንድ ጥያቄም ለኮሚቴው አለኝ። እዚህ እያለ ጽፎ አሁን ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ መምህር ሥራው ለማን ይቆጠራል? ሰዎች በሚፈልሱበት ክፍል ውጤቱን በእጅጉ የሚለውጠው ይህ ውሳኔ ነው።

ሞረት

ቀዶ ሐኪም ነኝ። ከታች ከሚሰለፉት ክፍሎች አንዱ የእኛ ስለሆነ ለምን እንደሆነ ልናገር።

የእኛ ክፍል መምህር ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ ታካሚዎችን ያያል፤ ማታ ተረኛ ነው፤ በመካከሉ ተማሪዎችን በአልጋ ዳር ያስተምራል። ምርምር የሚሠራው ከዚህ በተረፈ ሰዓት ነው። የምናወጣውም ብዙውን ጊዜ የአንድ ያልተለመደ ሕመምተኛ ታሪክ ወይም ከካርድ ክፍል የተሰበሰበ የተከታታይ ታካሚዎች ጥናት ነው፤ እነዚህ ደግሞ በባሕርያቸው ብዙ አይጠቀሱም። ካርዱ ራሱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ሲገኝም ከገጹ ላይ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ሳይሞላ ይገኛል።

ነገር ግን በሆስፒታሉ ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ። አንድ ባልደረባችን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የቁስል ኢንፌክሽንን አጥንቶ፣ መከላከያ አንቲባዮቲኩ የሚሰጥበት ሰዓት ከመቆረጡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ መሆኑ እየቀረ መምጣቱን ካሳየ በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል ተስተካክሏል። ጽሑፉ ምን ያህል እንደተጠቀሰ አልጠየቅሁም፤ የታካሚዎቹ አተኛኘት ማጠሩን ግን ተረኛ ሆኜ አይቻለሁ። ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

በእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲዎችን የሚገመግመው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2021 ዙሩ ለጽሑፎች ስልሳ በመቶ፣ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ላመጡት ለውጥ ሃያ አምስት በመቶ፣ ለምርምር አካባቢው አሥራ አምስት በመቶ ሰጥቷል። ጽሑፎቹን የሚያነቧቸው የየሙያው ባለሙያዎች ናቸው፤ ሙያዎቹም በ34 ምድብ ተከፍለዋል። ክፍሉ ያወጣውን ሁሉ አያቀርብም፤ በአማካይ ለአንድ የሙሉ ጊዜ ተመራማሪ ሁለት ተኩል ጽሑፍ ብቻ ነው። ሥርዓቱ በወጪውና በሚፈጥረው ጫና የሚተች ቢሆንም፣ የተመረጠ ጥቂት ሥራ ይነበብ የሚለው ሐሳብ ለእኛም አቅም የሚከብድ አይደለም።

አንጎለላ

ዶክተር፣ የሰጡት ምሳሌ አሳማኝ ነው። ፍርሃቴ ግን ይህ ነው። «ለውጥ አምጥተናል» የሚለውን ሁሉም ክፍል ይጽፋል፤ ማን ያረጋግጣል? በትንሽ ከተማ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ አንባቢው የጸሐፊው አብሮ አደግ ወይም የክርስትና አባት ሊሆን ይችላል። ንባቡ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በመጡ ባለሙያዎች ካልሆነ ወደ ትውውቅ እንመለሳለን።

መሐል ሜዳ

የምሠራው በመንዝ በኩል በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። መምህር አይደለሁም፤ ከሚጠናው ወገን ነኝ። ስለዚህ አጭር ነገር ልበል።

በየዓመቱ ተማሪዎችና መምህራን ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ለጤና ጣቢያዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትብብር ይደረግላቸው ብለን እንጽፋለን። እናቶች ከእርሻና ከጉልት ገበያ ቀርተው አርባ ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ይመልሳሉ። ውጤቱ ግን ወደ እኛ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ጥናት በወረዳችን ተሠርቶ በውጭ አገር ጆርናል መውጣቱን የማውቀው ሌላ ተማሪ መጥቶ ሲጠቅሰው ነው።

ስለዚህ በሚዛናችሁ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ለተጠናው ወረዳ ደርሷል ወይ? ጋሽ አንጎለላ ማን ያረጋግጣል ላሉት፣ እኛ እናረጋግጣለን። መድረሱን ብቻ ሳይሆን በደረሰው ምን እንዳደረግንበት ጠይቁን። አንዳንዱን ጥናት ተጠቅመንበታል፤ አንዳንዱን አላየነውም፤ ሁለቱንም በፊርማና በማኅተም እንጽፋለን።

ግሼ

ወንድሜ መሐል ሜዳ ያሉት እኛን የሕብረተሰብ ጤና ሰዎችን ከማንም በላይ የሚመለከት ነው፤ ወቀሳውንም እቀበላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔቸር መጽሔት የወጣው፣ ስለ ምርምር መለኪያዎች አጠቃቀም የሚናገረው የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥሩ መርሆዎቹ ሦስተኛው ለአካባቢ ጠቃሚ የሆነ ምርምር ጥበቃ ይደረግለት የሚል ነው። አምስተኛው ደግሞ የሚገመገሙት ወገኖች መረጃውንና ስሌቱን ራሳቸው የማረጋገጥ ዕድል ይሰጣቸው ይላል፤ ይህም መጻሕፍት ቤት ካሉት ጋር አንድ ነው። ኢምፓክት ፋክተርን በግለሰብ ጽሑፍ ምትክ አትጠቀሙ የሚለው የሳን ፍራንሲስኮው መግለጫ ደግሞ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተረቅቋል። በረቂቃችሁ ኢምፓክት ፋክተር አለመግባቱ መልካም ነው፤ በስብሰባ ላይ አንድ ሰው ሊያስገባው ቢሞክር ግን በጽሑፍ እንድትቃወሙ እማጸናለሁ። ኢምፓክት ፋክተር የጆርናሉ ጽሑፎች የሁለት ዓመት የሳይቴሽን አማካይ ነው፤ ስለ እርስዎ ጽሑፍ የሚናገረው ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአገራችንን ሐኪሞች ሥራ ሲያወጣ የቆየ ነው፤ በኢምፓክት ፋክተር ብቻ ብንሄድ እዚያ መጻፍ ዋጋ ያጣል።

ጣርማበር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐሳባችሁን ጽፌ ለኮሚቴው አቅርቤ ነበር፤ ረጅም ክርክር ከተደረገበት በኋላ የተደረሰበትን ልንገራችሁ።

ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የሚያሰልፈው ሰንጠረዥ ቀርቷል። በምትኩ እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ነገር ይታያል፤ በሙያው ከዓለም አቻዎቹ አንጻር እና ከራሱ ያለፉት ዓመታት አንጻር። ሳይቴሽኑ ለጸሐፊዎች ቁጥር ይከፈላል፤ የላይኛው አሥር በመቶ ድርሻም ይሰላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአምስት ዓመት ስድስት ወይም ሰባት ጽሑፍ ላወጣ ክፍል መቶኛ ማውጣት ትርጉም የለውም፤ አንድ ጽሑፍ ብቻ ድርሻውን ከላይ ወደ ታች ይገለብጠዋል። ስለዚህ ከሃያ በታች ጽሑፍ ያላቸው ክፍሎች መቶኛ አይሰላላቸውም፤ ሥራቸው ይነበባል።

እያንዳንዱ ክፍል የመረጣቸውን ጥቂት ሥራዎች ያቀርባል፤ የሚያነቧቸውም ጋሽ አንጎለላ እንዳሉት ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠየቁ ባለሙያዎች ይሆናሉ። የመስክ መረጃ ራሱ የሰበሰበ ጥናትና ከተዘጋጀ መረጃ የተሠራ ጥናት ተለይተው ይቀርባሉ፤ ይህን ያስገባሁት በቀወት ጽሑፍ ምክንያት ነው። የወረዳዎች ምስክርነትም ተቀባይነት አግኝቷል፤ በዞን ጤና መምሪያ በኩል እንዲሰበሰብ ተወስኗል።

ያልተፈታው የመጻሕፍት ቤት ጥያቄ ነው። የተዛወሩ መምህራን ሥራ በወጣበት ጊዜ ለነበሩበት ክፍል ይቆጠር የሚሉ አሉ፤ የወደፊት በጀት የሚሠራበት አሁን ያለው ሰው ስለሆነ የቀሩት ብቻ ይቆጠሩ የሚሉም አሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ሥራውን የወለደው ክፍሉና ላቦራቶሪው ነውና።

መጻሕፍት ቤት

ሁለቱንም አስሉና ጎን ለጎን አቅርቡ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚራራቁበት ክፍል ካለ መምህራኑ እየለቀቁ ነው ማለት ነው፤ ይህም ለዲኑ ከደረጃው በላይ የሚያስፈልግ መረጃ ነው። በበኩሌ የተቋሙን ስም አጻጻፎች በሙሉ እስከ ሰኞ ሰብስቤ እልክልዎታለሁ። መምህራኑ የኦርኪድ መለያቸውን የሚያወጡበት የግማሽ ቀን ሥልጠናም ማዘጋጀት እንችላለን፤ የክሊኒክ ክፍሎቹ ከተረኝነት የሚያርፉበትን ቀን ዶክተር ሞረት ቢጠቁሙን ሁሉም መገኘት ይችላሉ።

ሞረት

የጠዋቱ ኮንፈረንስ የሚቀርበት ሐሙስ ይሻላል። ሬዚደንቶቹንም ይጨምሩ፤ ስማቸውን ገና ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ ቢጀምሩ መልካም ነው።